በራሱ እጅ የለበሰው ከል

ሉቩዮ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነው። ጆሃንስበርግ፣ ቤሪያ ሰፈር፣ እኔ በምኖርበት ሕንጻ አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ይኖራል፤ በሩ ከኔ በር ቀጥሎ ነው። ሊፍቱ ከቆመ ብዙ ዓመት ስለሆነው እዚህ ሕንጻ ውስጥ ሰው የሚተዋወቀው ደረጃ ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሲሰበስብ ነው። ሉቩዮ ሰባተኛው ላይ ይቆማል። ፌስታሉን መሬት ያስቀምጥና ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ላይ ያያል። ድሮ አይቆምም ነበር። ድሮ ፊኪሌ ከላይ አንገቱን አስግጎ «ና እንጂ አንተ ሽማግሌ፣ ገንፎው ድንጋይ ሆነ እኮ» እያለ ስለሚጣራ ሳያርፍ ይወጣ ነበር።

ፊኪሌ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሁለቱ ሃያ ዓመት ግድም በአንድ ክፍል፣ በአንድ አልጋ፣ ባልና ሚስት እንደሚኖሩት ኖረዋል። የአገሩ ሕግ ከፈቀደላቸው ቆይቷል። ደረጃው ግን የራሱ ሕግ አለው። አብረው ሲወጡ አንዱ ቀደም ይላል፤ ታክሲ ውስጥ ለየብቻ ይቀመጣሉ፤ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ መጋረጃ ይሳባል፣ ቀጥሎ ሳቅ ይሰማል። ግድግዳ ስለምንጋራ ሳቁን እኔና ባሌ እንሰማው ነበር። ባሌ «እነዚህ ሰዎች ምን በልተው ነው እንዲህ የሚስቁት» ይል ነበር። አሁን ከግድግዳው ወዲህም ሆነ ወዲያ የሚስቅ የለም።

ፊኪሌ ግጥም ይገጥም ነበር። ወረቀት ላይ አይጽፍም። መሪውን እንደያዘ፣ ቀይ መብራት ሲያስቆመው፣ ስንኝ በስንኝ በአፉ ያበጀዋል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ወደ ቪዌ ፀጉር ቤት ጓሮ ይዞት ይሄዳል። ቪዌ ረጅም ሰው ነው፣ ጥፍሩን ይቀባል፣ ምላሱ ከመቀሱ ይልቅ ይቆርጣል። ጓሮው እንደነሱ ያሉ ሰዎች መጋረጃ ሳይስቡ የሚስቁበት ቦታ ነው። ሥጋ ይጠበሳል፣ የዝንጅብል መጠጥ ይቀዳል፣ ፊኪሌ የሆነ ጊዜ ላይ ወንበር ላይ ይቆማል። ሰው አስር ጊዜ እያስደገመ የሚሰማው ይሄን ነበር፦

አሥራ አንደኛ ፎቅ፣ ገመድ ላይ ሁለት ሸሚዝ ተሰጥቷል፣
አንዱ የኔ ነው፣ አንዱ የሱ።
ነፋስ ሲመጣ እጅጌ ለእጅጌ ይያያዛሉ።
መንገደኛው ቀና ብሎ ያይና
«ልብስ ነው» ብሎ ያልፋል።
እኛ መንገድ ስንሄድ ግን
በመሐላችን አንድ ሰው የሚያህል ቦታ እንተዋለን።
ያን ሰው እስከ ዛሬ አላወቅነውም፤
ኪራይ ሳይከፍል አብሮን ኖረ።

ግጥሙ በዚህ አያበቃም፣ ረዥም ነው። እስከ መጨረሻው ድረስ በቃሉ የሚያውቀው ሉቩዮ ብቻ ነው።

ፊኪሌ በብርዱ ወራት አንድ ጠዋት ካልጋው ሳይነሳ ቀረ። ልቡ ናት ተባለ። ቤተሰቦቹ መጥተው አስከሬኑን ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ኮፊምቫባ ወሰዱት፤ ሉቩዮም አብሮ ሄደ። እናትና አባት ስለሌሉ የቤቱ ታላቅ እህትየው ናት። ስሟ ኖሉንጊሌ ነው፤ ሉቩዮ ግን በአክብሮት በጎሳዋ ስም ማቤሌ ይላታል። ገና ግቢው በር ላይ አቆመችው።

«አንተ የቤት ተጋሪው ነህ» አለችው። «እንደ ቤት ተጋሪ ትቀመጣለህ። ወንድሜን በሰላም ልቅበር።»

«እሺ፣ ማቤሌ።»

በኛ ወግ ሰው ሲሞት አንድ ክፍል ዕቃው ይወጣና ወለሉ ላይ ፍራሽ ይነጠፋል። ሚስትየዋ ብርድ ልብስ ደርባ እስከ ቀብሩ ቀን እዚያ ፍራሽ ላይ ትቀመጣለች፤ ለቅሶ ደራሽ የሚመጣው እሷ ዘንድ ነው። ፊኪሌ ሚስት የለውም ስለተባለ አንዲት አሮጊት አክስት ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ሉቩዮ ከወንዶቹ ጋር እንጨት ሲፈልጥ፣ ወንበር ሲሸከም ሰነበተ። ፍራሹን ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ወንበር ሊያስገባ ሲል በበሩ ክፍተት።

ከቀብር መልስ ኖሉንጊሌ ጥቁር ጨርቅ በመቀስ እየቆረጠች በየዘመዱ ግራ እጅጌ ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰካች። ከላችን ይሄ ነው። ሉቩዮ ከዘመዶቹ ጋር ተሰልፎ ቆመ። ኖሉንጊሌ መርፌ ቁልፉን በከንፈሯ እንደያዘች እሱ ጋ ደረሰች፣ እጅጌውን አየችና ወደሚቀጥለው አለፈች። የሚቀጥለው አንድ የሩቅ ዘመድ ነበር፣ ፊኪሌን በሕይወቱ ሁለት ጊዜ እንኳን አላየውም። ሰው ሲበተን ሉቩዮ መሬት ላይ ከወደቀው ቁርጥራጭ አንዱን አነሳ፤ አውቶቡስ ተራ ቆሞ በራሱ እጅ እጅጌው ላይ ሰካው።

ስህተቱ ይሄ ነበር። ከል ሰው ራሱ የሚለብሰው፣ ራሱም የሚያወልቀው ነገር አይደለም። የሟች ወገን ያለብሳል፣ ጊዜው ሲደርስ የሟች ወገን ያወልቃል፣ ያቃጥላል። ባል ሚስቱ ስትሞትበት ግማሽ ዓመት ይለብሳል፤ ሚስት ግን ዓመት ሙሉ። እኔ ባሌ ሲሞት ለብሻለሁ። ዓመቱ ሲሞላ የባሌ እህት መጥታ አወለቀችልኝና እሳት ውስጥ ከተተችው፤ አዲስ ቀሚስ አለበሰችኝ፣ ሴቶቹ ዘፈኑ። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ደስታ ቤት ይጠራኝ ጀመር። ያልወለቀለት ሰው ግን ሰርግ አይሄድም፣ አይጨፍርም፤ ሙታኑም ከትከሻው አይወርዱም ይባላል።

ሉቩዮ ሦስት ዓመት ለበሰው። ጨርቁ ፀሐይ በልቶት አመድ መሰለ። ጓሮው መሄድ አልተወም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄድና አጥሩ ሥር ይቀመጣል፣ ሙዚቃ ሲከፈት ተነስቶ ይወጣል። አንድ ቀን እኔም ፀጉሬን ልሠራ ሄጄ እዚያው ነበርኩ።

«ይሄን ጨርቅ ጣለው በቃ» አለው ቪዌ። «መርፌ ቁልፍ እኮ ነው የያዘው፣ ሰንሰለት አይደለም።»

«ማን ያወልቀዋል?»

«እኔ ላውልቅልህ። እጄ ንጹሕ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ የሰው ራስ ሳጥብ ነው የዋልኩት።»

«አንተ የፊኪሌ ዘመድ አይደለህም።»

«አንተስ ዘመዱ ነህ?»

ቪዌ ምላሱን ሊነክስ ምንም አልቀረውም። ማበጠሪያውን ከኔ ፀጉር ነቅሎ «ይቅርታ፣ ማኮቲ» አለው። ማኮቲ ማለት ሙሽራ፣ የቤት ምራት ማለት ነው፤ ጓሮው ሉቩዮን በቀልድ የሚጠራው እንዲያ ነበር። ሉቩዮ ሳቅ ለማለት ሞከረ።

«ማቤሌ ደግ ሴት ናት፣ ትመጣለች» አለ። «ዝም ብዬ ከጠበቅኳት ትመጣለች። ዝም በል አለችኝ፣ ዝም ብያለሁ። ይሄን ታያለች።»

በየዓመቱ ለገና ይደውልላታል። ስለ ዝናብና ስለ ከብት ትነግረዋለች። ስለ ከሉ አንስቶባት አያውቅም፤ አንስቶ እንቢ ብትለው ሌላ የሚጠይቀው ሰው የለም።

ሞሲዲ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። የሰርግ ቪዲዮ የምታነሳ፣ ከሰርግ በተረፋት ጊዜ የራሷን አጫጭር ፊልም የምትሠራ ልጅ ናት። ተማሪ ሳለች ጓሮው መጥታ ፊኪሌን ወንበር ላይ ቆሞ ሰምታዋለች። ከግጥሙ የምታስታውሰው ሦስት ስንኝ ነው፤ በሦስት ስንኝ ደግሞ ፊልም አይሠራም።

ሉቩዮ ብቻውን ከእንግዳ ጋር መቀመጥ ስለማይወድ እኔ ቤት አመጣት። ሻይ አፈላሁ።

«ታታ ሉቩዮ፣ አጭር ፊልም ነው» አለችው፤ ታታ ማለት አባት ነው። «ከግጥሙ ሌላ ንግግር የለውም። ሸሚዞቹ፣ መንገዱ፣ መስኮቱ፣ እርስዎ።»

«እኔ ምን አደርጋለሁ?»

«ግጥሙን ይላሉ።»

«ላስተምርሽና ተዋናይ ይበለው። የተማረ፣ ድምፁ የሚያምር ልጅ ፈልጊ።»

«ተዋናይ ሞልቷል። ግን "አንዱ የኔ ነው፣ አንዱ የሱ" ሲል የማንን ሸሚዝ እያሰበ ነው የሚለው?»

ሉቩዮ ሻዩን አማሰለው፣ ስኳር ሳይጨምርበት።

«ፊቴ ይታያል?»

«ካልፈለጉ ጀርባዎን አነሳለሁ። ግን ጀርባ ሰልችቶኛል፣ ታታ። የኛ ሰዎች ባሉበት ፊልም ሁሉ የሚታየው ጀርባ ነው።»

ስትወጣ እሱ ቁጭ ብሎ ቀረ። የሚያስበው ገብቶኛል፤ እሱም አልደበቀኝም፤ ሲሲ፣ እህቴ ነው የሚለኝ።

«ሲሲ፣ ፊቴ ወጥቶ ይሄን ግጥም ካልኩ ቤት ተጋሪ ነኝ ማለት አይቻልም። አገሩ ሁሉ ያውቃል። ማቤሌ መቼም አትመጣም።»

«ካላልከውስ?»

«ካላልኩት ከኔ ጋር ይቀበራል። እሱን አንዴ ቀበሩት። ሁለተኛ ልቅበረው?»

ብዙ ቀን አመነታ። ላውንደሪ ውስጥ የሰው ነጭ ሸሚዝ አቃጥሎ ተቆጡት፤ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሬን አንኳኳና ስልኩን ይዞ ወጥ ቤቴ ቁጭ አለ። ብቻውን መደወል ፈርቶ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለከፈተው የሷንም ሰማሁ።

«ማቤሌ፣ የፊኪሌን ግጥም ፊልም ሊያደርጉት ነው።»

«ፊኪሌ ግጥም ያውቅ ነበር እንዴ?»

«ያውቅ ነበር።»

«ለኔ አንድም ቀን አልነገረኝም። ታዲያ ማን ይለዋል? የሞተ አይናገር።»

«እኔ።»

ከወዲያ ዶሮ ሲጮህ ተሰማ።

«ምኑ ሆነህ?»

ሉቩዮ አፉን ከፈተ። «ቤት ተጋሪው» የሚለውን የዓመታት መልስ ሊሰጣት መስሎኝ ነበር። አልሰጣትም።

«ማቤሌ፣ እርስዎ ያውቃሉ» አላት።

«እኔ የማውቀው የለም። እዚህ ዝናብ የለም። ላሞቹ አጥንታቸው ወጥቷል።» ስልኩ ተዘጋ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠው። ሳህን አቀረብኩለት። የበቆሎ ገንፎና ጎመን ነበር። ግማሹን በላ።

«እንግዲህ ይሄ እስክሞት እጄ ላይ ይቆያል» አለ፣ እጅጌውን ሳይነካ። «ልጅቷን ትምጣ በያት።»

የቀረጻው ቀን እኔም ተጠርቼ ነበር፤ በረንዳው ላይ ሸሚዞቹን የማሰጣው እኔ ነኝ። የፊኪሌን ሸሚዝ ከቁም ሣጥን ያወጣው ሉቩዮ ራሱ ነው። ሰማያዊ ነው፣ የአውቶቡሱ የደንብ ልብስ፣ አንገቱ ላይ ያለቀ። ጠዋት ሲተኩሰው ስለነበር እንደነካሁት ይሞቃል። ከሉቩዮ ሸሚዝ ጎን አሰጣሁት። ነፋስ አልነበረም፤ ካሜራ ያዡ ልጅ ቆሞ ይጠብቃል፣ እኛም ቆመን እንጠብቃለን።

«ቀጠሮ ያዥለት እንጂ» አልኳት ሞሲዲን።

«ማማ፣ ነፋስ እንደ ሙሽራ ነው፣ ሳያስጠብቅ አይመጣም» አለችኝ።

መጣ። እጅጌዎቹ ተነሱ፣ ሳይነካኩ ወረዱ፣ ሌላ ጊዜ ተነስተው ተጠላለፉ። ልጁ ያንን ያዘ። ሉቩዮ ከመስኮቱ መስታወት ወዲያ ሆኖ ያያቸው ነበር።

ከዚያ የሱ ተራ ሆነ። ሞሲዲ አልጋው ጫፍ ላይ ወደ መስኮቱ ዞሮ እንዲቀመጥ ነገረችው፣ ብርሃኑ እዚያ ስለሆነ። ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ስንኝ አለ፣ ሁለተኛው ላይ ቆመ። እንደገና ጀመረ፣ ቆመ። ውኃ ጠጣ። አልሆነም። ሞሲዲ «ነገ እንመለስ» ልትል ከወንበሯ ስትነሳ እሱም ተነሳ። አንሶላውን ገፈፈ፣ ፍራሹን ካልጋው ላይ ሳበና መሬት ጣለው። ልጁ ሊያግዘው ሲል በእጁ ከለከለው። ፍራሹን መስኮቱ ትይዩ አስተካከለ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ደርቦ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ።

ሁላችንም የምናውቀው አቀማመጥ ነው፤ ሴት ባሏ ሲሞት የምትቀመጠው። ካሜራ ያዡ ልጅ ኮፍያውን አወለቀ። ሉቩዮ ግጥሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ አለው፤ መዝጊያው ይሄ ነው፦

ከተማዬ ሆይ፣ ብዙ መስኮት አለሽ፣
ሰው ሁሉ በመስኮትሽ ይታያል፤
ለኛ የደረሰን መጋረጃው ነው።
አንድ ቀን ከሁለታችን አንዱ ቀድሞ ይሄዳል፣
ያን ቀን መጋረጃውን ማን ይግለጠው?

ሲጨርስ ለረጅም ጊዜ አልተነሳም። እኔ ሸሚዞቹን ላነሳ ወደ በረንዳ ወጣሁ።

ፊልሙ የሚታይበት ቀን ተቆረጠ፤ ዛፎቹ ሐምራዊ በሚያብቡበት ወር፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሰፈሩ አዳራሽ። ሉቩዮ ለኖሉንጊሌ በድምፁ መልእክት ላከላት። «ማቤሌ፣ ቀኑን ልንገርዎት ብዬ ነው» አለ። «መንገሬ ነው እንጂ መጥራቴ አይደለም።» መልስ አልመጣም፤ አልጠበቀምም።

በቀኑ አዳራሹ ሞላ። ጓሮው ሁሉ መጥቷል፣ ቪዌ ጥፍሩን ሐምራዊ ቀብቶ ከፊት ተቀምጧል። ሉቩዮ ግን ከኔ ጋር መሐል ላይ ነው። መብራት ሊጠፋ ሲል ክንዴን ጨበጠኝ።

«ሲሲ፣ በሩ ጋ ያለችውን አየሻት?»

ሻሽ ያሰረች፣ ሹራብ በትከሻዋ የጣለች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ የያዘች ትልቅ ሴት ናት። ከመጨረሻው ረድፍ ወንበር ጫፍ ተቀምጣለች።

«ማቤሌ ናት» አለኝ። «ልትሰድበኝ ነው የመጣችው። በሰው ፊት ልትሰድበኝ ነው።»

«ተቀመጥ» አልኩት።

ፊልሙ ተጀመረ። ጠዋት ከተርሚናል የሚወጡ አውቶቡሶች፤ መስኮቶች፣ በያንዳንዱ መስኮት የተሳበ መጋረጃ፤ ሁለት ሰዎች በመሐላቸው ቦታ ትተው ሲሄዱ፣ ቦታውን የሚሞላው ጥላቸው ብቻ ሲሆን፤ ሸሚዞቹ። ቀጥሎ ፍራሹና እሱ። ሉቩዮ አንድም ጊዜ ወደ ሸራው አላየም። አንገቱን አዙሮ በጨለማው ውስጥ በሩን ነበር የሚያየው።

መብራት ሲበራ ሰው አጨበጨበ። ሞሲዲ አስተያየት ያለው እንዲናገር ጠየቀች። አንድ ወጣት ተነስቶ ስለ ብርሃኑ ተናገረ፣ አንዲቷ አለቅሳለሁ ብላ ሳታለቅስ ተቀመጠች። ከዚያ በሩ ጋ እጅ ተነሳ።

«ኖሉንጊሌ እባላለሁ» አለች፣ ሳትቸኩል። «ከኮፊምቫባ ነው የመጣሁት። ስለ ፊልም አላውቅም። ስለ ፍራሽ ግን አውቃለሁ። ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ መስኮት አይዞርም። ከበሩ ጀርባ ነው የሚቀመጠው፣ ግድግዳውን ተደግፎ። ለቅሶ ደራሹ ገብቶ ይፈልገዋል እንጂ እሱ ማንንም አያይም። ይሄ ሰው ስቶታል።»

ከወጣቶቹ አንዳንዱ ሳቀ።

«አትሳቁ» አለች። «የሚያሳየው ሰው አልነበረም።» ተቀመጠች።

ሰዉ ለሻይ ሲነሳ ሉቩዮ ወደሷ ሄደ፣ እኔም ከኋላው። ቪዌ ቀድሞን ሲኒ ይዞ ደርሷል።

«ማማ፣ ስኳር ስንት ላድርግልዎ?»

«ሦስት። አንተ ነህ ጥፍርህን የቀባኸው?»

«እኔ ነኝ፣ ማማ።»

«ቀለሙ ጥሩ ነው። የቀኝህ ግን ጠርዙን አልፏል።»

«በግራዬ ስለምቀባ ነው።»

«ሰው ይቀባህ እንጂ። ሰው የለህም?» ሲኒውን ተቀበለችው።

ሉቩዮ ፊቷ ቆሟል። ተቀመጥ አላለችውም። ሻዩን ጠጥታ ጨረሰች።

«ድምፁን ሰማሁት» አለችው። «ፊኪሌ ሕፃን ሆኖ እንዲህ ነበር የሚናገረው፣ የቃሉን ጭራ እየጎተተ። እኔ ረስቼው ነበር። ካንተ አፍ ሰማሁት። ከሱ ተጋብቶብህ ነው?»

«አላውቅም፣ ማቤሌ።»

«ይጋባል። ሰው ሲኖር ይጋባል።» ሲኒውን አስቀመጠች። «እጅህን አምጣ።»

ግራ እጁን ዘረጋ። ኖሉንጊሌ አመድ የመሰለውን ጨርቅ አገላብጣ አየችው።

«ይሄን ማን አለበሰህ?»

«ራሴ።»

«ከየት አመጣኸው?»

«ከመሬት። እርስዎ ሲቆርጡ ከወደቀው።»

መርፌ ቁልፉን ከፈተችና ጨርቁን ነቀለች፣ በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ይሄን እኔ አቃጥለዋለሁ» አለች። ሉቩዮ ዓይኑን ጨፈነ። እጅጌው ላይ ጨርቁ የነበረበት ቦታ ከሌላው ይልቅ ጠቁሮ፣ ፀሐይ ሳይነካው እንደ አዲስ ቀርቶ ነበር። አለቀ ብዬ አሰብኩ፤ እሱም እንዲያ ሳያስብ አልቀረም፣ ትከሻው ዝቅ ሲል አይቻለሁ።

ኖሉንጊሌ ግን ከቦርሳዋ የታጠፈ ጥቁር ጨርቅና መቀስ አወጣች። ጭኗ ላይ ዘርግታ አንድ ቁራጭ ቆረጠች። መርፌ ቁልፉን በከንፈሯ ያዘች።

«ማቤሌ» አለ ሉቩዮ። «እኔ ሦስት ዓመት ለብሻለሁ።»

መርፌ ቁልፉን ከከንፈሯ አወጣች። «ብቻህን የቆጠርከው ነው። እኛ ያላለበስነውን እኛ አናወልቅም። ልታወልቅ ከፈለግህ መጀመሪያ ትለብሳለህ።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

የቆረጠችውን ጨርቅ አጠፈች። እሱም ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንደ ወንዱ ግማሽ ዓመት ነው፣ ወይስ...»

ኖሉንጊሌ ቀና ብላ ቪዌን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ሻይ የሚጠጣውን ሰው ሁሉ አየች። ደግማ እጅጌውን አየች።

«ፍራሹ ላይ የተቀመጠው ማነው?»

«እኔ።»

«እንግዲህ ዓመት ነው» አለችና ሰካችለት። አጥብቃ፣ ሁለት ጊዜ ጎትታ አየችው።

ቪዌ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሉቩዮ አላለቀሰም። እጁን አልመለሰም፤ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ሕጉን ታውቀዋለህ?» አለችው። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤትህ ትገባለህ። ሰው መሐል አትቀመጥም፣ ጫፍ ላይ ነው። ድምፅህን ከፍ አታደርግም። ዓመቱ ሲሞላ ወደ ኮፊምቫባ ትመጣለህ፣ ከሉ ሲወልቅ የሚታረደውን በግ እኔ አዘጋጃለሁ።»

«ማቤሌ፣ እዚያ ለሰው ምን ይባላል?»

«ሰው የሚለውን ይበል። ጉልበቴን ያመኛል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ይሄን ውሸት ደግሞ ተሸክሜ መቃብር አልወርድም። ፊኪሌ ሲመጣ ሁልጊዜ ብቻውን ነበር የሚመጣው። ደረቅ ዳቦ ይዞ፣ "ሥራ ላይ ነኝ" እያለ ሁለት ቀን አድሮ ይመለስ ነበር። እኔ ሳልጠይቀው። ጠይቄው ቢሆን ምን ይለኝ ነበር?»

ሉቩዮ «እንጃ» አለ።

«እኔም እንጃ።» ተነሳች። አውቶቡሷ ማታ ነበርና ሞሲዲ ልትሸኛት መጣች። ሉቩዮን አልተሰናበተችውም፤ ከል ከለበሰ ሰው ጋር እጅ አይጨባበጡም።

ሌሎቹ ጓሮው ሊሄዱ ተነሱ። ሥጋው ከጠዋት ጀምሮ ተዘፍዝፏል፣ ሙዚቃ አለ፣ ፊልሙ ነው የሚከበረው። ቪዌ ፊቱን ጠራርጎ መጣ።

«ማኮቲ፣ ዛሬ እንኳን አጥሩ ሥር አትቀመጥም፤ ከኔ ጎን ነህ።»

«እኔ ቤት ልግባ።»

«ገና ቀን ነው እኮ።»

«እስክደርስ ይመሻል።»

«ዛሬን ብቻ። ዛሬ ያንተ ቀን ነው። ማን ያይሃል?»

«ዛሬ ነው የጀመረው» አለ ሉቩዮ።

ሁሉም በሳቅና በጫጫታ ወደ ታች ወረዱ። «አብሬህ ልሂድ?» አልኩት፤ «አይ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከል አዲስ የለበሰ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ብቻውን ይሄዳል፣ ይሄን እኔም አልረሳሁትም።

ከአዳራሹ በር ቆሜ አየሁት። ቅዳሜ ስለነበር መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ገበያተኛው፣ ታክሲ ጠባቂው፣ የሚገፋፋው ወጣት። እሱ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ በጫፍ በጫፉ፣ ግራ እጁን ከሰው እንዳይነካካ ወደ ሰውነቱ ሰብስቦ ይሄዳል። የሰፈር አንዲት አሮጊት ቅጠል የምትሸጥበት ጥግ ጋ ሲደርስ እጅጌውን አየችና ከበርጩማዋ ከፍ ብላ በራሷ ሰላምታ ሰጠችው፤ ማን እንደሞተበት አልጠየቀችም። እሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ አለፈ። ፀሐይዋ ገና ከሕንጻዎቹ በላይ ነበረች፣ ጊዜ ነበረው። ቢሆንም ቸኮለ።